የወገኔ ሚስት ነገ ስትወልድ፣ ኮሚቴው ስለ ብስኩት የተወያየበት ቃለ ጉባኤ

ቀን፦ ረቡዕ፣ መጋቢት 14 ቀን 2014 ዓ.ም.
ቦታ፦ እንጅባራ፣ የዕድሩ አዳራሽ

የተገኙ፦ አቶ አድማሴ (ሰብሳቢ)፣ ወ/ሮ ደብሪቱ (ከዳንግላ)፣ አቶ ቢሻው (ከፈረሰኞች ማኅበር)፣ ዓለምነው (ጸሐፊ)።
ያለ ድምፅ የተገኙ፦ ሲስተር ሜላት (ደም ሰብሳቢ ነርስ)፤ አቶ ወገኔ፣ ባለቤታቸው እታለማሁ ነገ ጠዋት በኦፕሬሽን የምትወልድ።

ምልዓተ ጉባኤ የሞላው አቶ ቢሻውን ከባጃጅ አስወርደን ነው።

ሲስተር ሜላት ሆስፒታሉ የቀረው አንድ ከረጢት ደም ብቻ መሆኑን፣ ዛሬ የተለገሰ ደም ግን ሌሊቱን ተመርምሮ ለእታለማሁ እንደሚደርስ ገልጸው፣ አልጋዎቹም ስለተዘረጉ እንጀምር አሉ። ሰብሳቢው አጀንዳ ሳይጸድቅ መርፌ እንደማይገባ አሳሰቡ።

አጀንዳ 1፦ የለጋሾች ብስኩት
ወ/ሮ ደብሪቱ ብስኩቱ ወተት ስላለበት ጾም ያስገድፋል ሲሉ ተቃወሙ። በቅቅል ድንች ይተካ ተባለ። ድንቹን ማን ይቀቅል በሚለው ላይ ረጅም ውይይት ከተደረገ በኋላ፣ ልገሳው በሙሉ ወደ ፋሲካ ማግስት እንዲዛወር ተወሰነ። ሲስተር ሜላት ደም እንደ ዳጉሳ በጎተራ አይከርምም፣ ሁሉም ባንድ ቀን ቢሰጥ ከወር በኋላ ይበላሻል፣ እስከዚያስ ወላዶች ምን ይሁኑ ብለው ጠየቁ። ከአጀንዳ ውጪ ነው ተባሉ።

አጀንዳ 2፦ ተራ
አቶ ቢሻው ፈረሰኞች እንዲቀድሙ፣ ደማቸውም ከእግረኛው ደም ተለይቶ እንዲቀመጥ ሐሳብ አቀረቡ። ሲስተር ሜላት ማቀዝቀዣው ፈረሰኛና እግረኛ አይለይም አሉ። ወ/ሮ ደብሪቱ ዳንግላ ሁለተኛ ከተባለች ደማቸውን ይዘው እንደሚመለሱ አስጠነቀቁ። ከረጅም ውይይት በኋላ በዕጣ እንዲሆን ተወሰነ።

የዕጣው ወረቀት ሲቆራረጥ አቶ ወገኔ ጃኬታቸውን አውልቀው አልጋ ላይ ተጋደሙ። ሰብሳቢው ድምፅ እንደሌላቸው አስታወሷቸው።

«ድምፅ መች ጠየቅሁ ጋሼ አድማሴ። እናንተ የምትወስኑት ለፋሲካ ነው፤ የኔዋ የምትወልደው ነገ ነው።»

ጸሐፊው የጻፈውን አይቶ አፈረ። ጋሼ አድማሴ ኮታቸውን አወለቁ። ወ/ሮ ደብሪቱና አቶ ቢሻው ለሚቀጥለው አልጋ ተጋፉ፤ ወ/ሮ ደብሪቱ ቀደሙ።

ጉባኤው ከቀኑ 8፡40 ሰብሳቢው እንደተጋደሙ ተዘጋ።

ውሳኔ፦ ከላይ የተወሰነው ሁሉ ተሽሯል፤ ጤነኛ የሆነ ሁሉ ዛሬውኑ ይስጥ። ሲስተር ሜላት ማንም እጁን እንዳያንቀሳቅስ ስላዘዙ፣ የተቃወመ ሳይኖር በሙሉ ድምፅ ጸድቋል።