ሬዚስታንስ የያዘኝ ጊዜ

በአንድ ቃል ብቻ የሚኖር ሰው ገጥሟችሁ ያውቃል? ቡሬ ያስተማረን የፊዚክስ መምህር ቃሉ «ሬዚስታንስ» ነበር። ሽቦ ኤሌክትሪክን እንደ ልብ አላሳልፍም ሲል ማለት ነው። እሱ ግን አልከፈት ያለ በርንም፣ አልነሳ ያለች በቅሎንም በዚሁ ቃል ይከስ ነበር።

አንድ ቀን ጎፈሬዬን አልቆረጥም ስለው አባቴን ከእርሻ አስጠራቸውና «ልጅዎ ሬዚስታንስ አለበት» አላቸው።

«ይጋባል ወይ፣ መምህር?» አሉ አባቴ ደንግጠው።

«ክፍሉን ጨርሶታል» አለ በሐዘን።

በማግስቱ ጠበል ወሰዱኝ፤ ሰባት ቀን ተጠመቅሁ።

ዛሬ ፍኖተ ሰላም ፊዚክስ አስተምራለሁ። አምፖል የሚያበራው የውስጡ ክር ሬዚስታንስ ስላለው ነው ብዬ ሳስረዳ ሁለቱም ይናፍቁኛል። አባቴ እስኪያርፉ ድረስ ልጠይቃቸው በሄድኩ ቁጥር «ለቀቀህ ወይ?» ይሉኝ ነበር። እሱስ አልለቀቀኝም፤ የለቀቀኝ ጎፈሬዬ ነው።