የባሕሩ ፕሮክተር ማን ይሁን?

ቀን፦ ማክሰኞ፣ መጋቢት 16 ቀን 2017 ዓ.ም.
ቦታ፦ ፌርፋክስ፣ የሰብሳቢያችን የጋሼ ስዩም ምግብ ቤት፣ የኋላው ክፍል
የተገኙ፦ ጋሼ ስዩም (ሰብሳቢ)፣ ትርሲት (የሕግ ተማሪ፣ ጥናት አቅራቢ)፣ ዳኒ (አባል፣ የሊሞ ሹፌር)፣ ዓይናለም (ቃለ ጉባኤ ያዥ፣ እኔው ነኝ)
የክብር እንግዳ፦ አቶ ዘርዓብሩክ
ምልዐተ ጉባኤ፦ ዳኒ ሲገባ ሞላ። መኪናውን ቶው አድርገው ጎትተው እንዳይወስዱበት ሊያይ ሲወጣ ጎደለ። ሲመለስ ሞልቷል ተብሎ ተጀመረ።

አጀንዳ 1፦ የቅዳሜውን የታሪክ ምሽት ፕሮግራም ማጽደቅ

ሰብሳቢው የትርሲት ጥናት «የአድሚራልቲ ፕሮክተር ታሪክ» መሆኑን አስታውሰው፣ በዚሁ ሙያ ለዓመታት ያገለገሉ ሰው እዚሁ አጠገባችን፣ ክሬንሾው ሰፈር፣ በመገኘታቸው ማኅበሩ መኩራቱን ገለጹ። አቶ ዘርዓብሩክ አገር ቤት የዩኒቨርሲቲ ፕሮክተር ነበሩ። ፖስተሩም ፎቷቸውን ይዞ ታትሟል።

ትርሲት የዶርም ተቆጣጣሪና የእሷ ፕሮክተር በስም ብቻ እንደሚገናኙ አስረዳች። የእሷው በእንግሊዝ የባሕር ፍርድ ቤት ለመንግሥት ጉዳይ የሚቆም የሕግ ሹም ነበር። ሰብሳቢው ሁለቱም ሥርዓት ስለሚያስከብሩ ልዩነቱ አልታየኝም አሉ። ዳኒ በበኩሉ መርከብ ውስጥም አልጋ ተደራርቦ ስለሚተኛ፣ «ሶ፣ መርከብ ዶርም ነው» የሚል ሞሽን፣ ማለትም የውሳኔ ሐሳብ፣ አቀረበ። ከረጅም ውይይት በኋላ መርከብ ተንሳፋፊ ዶርም እንዲባል በሁለት ድምፅ፣ በአንድ ተቃውሞ ተወሰነ። እኔ ድምፅ የለሽም ተብያለሁ፤ ይኸው ጽፌዋለሁ።

አጀንዳ 2፦ ስለ ትርጉም

ትርሲት ቅዳሜ አስተማሪዋ እንደሚመጡ ገልጻ፣ ሹሙ በአማርኛ «ነገረ ፈጅ» እንዲባል ጠየቀች። ሰብሳቢው ቃሉ ፖስተር ላይ ከወጣ ሰዉ «ነገረኛ» ማለት መስሎት ተናጋሪው ዳኒ ነው ብሎ ይቀራል የሚል ስጋት አደረባቸው። ዳኒ ይቅርታ ይጠየቅልኝ አለ። ይቅርታው ተጠየቀ፤ በውስጡ ግን ሌላ ስድብ ነበረበት፤ እንዳልመዘግበው ታዝዣለሁ።

ሰብሳቢው የአስተማሪዋን መምጣት ዘግይተው ሲረዱት ደነገጡ። ይሳቅብናል ብለው ፈሩ። ስለዚህ ከረጅም ውይይት በኋላ ቃሉ «ነገረ ፈጅ» እንዲሆን፣ አቶ ዘርዓብሩክም ከፕሮግራሙ እንዲወጡ ተወሰነ።

ይህ ሁሉ ሲባል ሰውየው እዚያው አጠገባችን ተቀምጠዋል። አንድም ሰው ቀና ብሎ አላያቸውም። እኔም አቀርቅሬ ስጽፍ ነበር፤ አፈርኩ።

አጀንዳ 3፦ ልዩ ልዩ

አቶ ዘርዓብሩክ ፈቃድ ጠይቀው ቆሙ። ጥፋቱ የሳቸው መሆኑን ገለጹ፦ ስልክ የተደወለላቸው ሚራክል ማይል ሰፈር መኪና ፓርክ ሲያደርጉ ስለነበር፣ «የባሕር ፕሮክተር» ሲባሉ የሰሙት «የባሕር ዳር ፕሮክተር» ብለው ነው። እሳቸውም የሠሩት ባሕር ዳር ነበር። እዚህ ከመጡ ወዲህ በዚያ ሥራቸው የጠራቸው ሰው ስላልነበረ፣ ደስ ብሏቸው ሳያጣሩ እሺ አሉ። ልጃቸው ኤልሻዳይ አባቷ ምን እንደነበሩ ከሌላ ሰው አፍ ሰምታ ስለማታውቅ፣ ቅዳሜን ብላ ከሳክራሜንቶ ትመጣለች። ቅሬታ ግን የለኝም አሉ። ቀጥለው ወደ ትርሲት ዞረው ያ የባሕሩ ሰውዬ መጨረሻው ምን እንደሆነ ጠየቋት።

ትርሲት የባሕር ፍርድ ቤቱ ከሌሎች ፍርድ ቤቶች ጋር መጠቃለሉን፣ ሥራውን ሌሎች የመንግሥት ጠበቆች እንደወሰዱት፣ ማዕረጉም እንደቀረ ነገረቻቸው።

«እሱስ? ሰውየው?»

«መጻሕፍቱ እሱን አይሉም፣ ጋሼ።»

«ያሳዝናል። እሱንም ብትጠሩት ጥሩ ነበር፤ አብረን እንቀመጥ ነበር።»

ዳኒ እንኳን መኪናውን ረሳ። ትርሲት ወረቀቷን አጥፋ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችና አንድ ሞሽን አለኝ አለች። ውይይት አልተደረገበትም፤ በዚህ ማኅበር ታሪክ የመጀመሪያው ነው።

ውሳኔ፦ በዛሬው ዕለት የተወሰነው በሙሉ እንዳልተወሰነ ይቆጠር። መርከብ መርከብ ይሁን። ነገረ ፈጁ ለሌላ ጊዜ ይቆይ። ቅዳሜ የሚናገሩት አቶ ዘርዓብሩክ ብቻ ናቸው፤ አስተማሪዋም ቢመጡ ቁጭ ብለው ይስሙ።

የእራት ደንበኞች ክፍሉን ስለፈለጉት ከቀኑ 11፡30 ላይ ተነሣን። አቶ ዘርዓብሩክ ግን ትርሲትን አጠገባቸው አስቀምጠው ቅዳሜ ልጃቸው ፊት የሚሉትን ይለማመዱ ጀመር። «ፕሮክተር ነበርኩ» አሉ። ደግመው አሉት። ከዚያ ማለፍ አልቻሉም።