ናፍጣውን ማን ጠጣው?

የእጅ ጽሑፌ ዶሮ የጫረችው መሬት ስለሚመስል አስቀድሜ ይቅርታ እጠይቃለሁ። ፊደልም እሳሳታለሁ፤ ስምንተኛ ክፍልን የጨረስኩት በመከራ ነው። ሰው ፊት መናገር ስለማፍር ነው በወረቀት የመጣሁባችሁ።

ሰው ግን ኮምፒውተርን ለምን እንዲህ ያምናል? ሰው ሲናገር «ማል» ይባላል። ኮምፒውተርን ማን አስምሎት ያውቃል?

አባቴ የጋሽ ሙላት የጭነት መኪና ሹፌር ነበር። (ተናድጄም ቢሆን ጋሽ ሙላትን አንቱ እላቸዋለሁ፤ አስተዳደጌ ነው።) እኔ ደጀን መግቢያ ላይ፣ መኪኖች የዓባይን ዳገት ጨርሰው እፎይ በሚሉበት ቦታ ቅቅል ድንች በዳጣ እሸጣለሁ።

ጋሽ ሙላት መኪናቸው ማዳበሪያ ጭኖ ዳገቱን ሲወጣ ማቃሰቱ አበሳጫቸው። ላፕቶፕ የያዘ ባለሙያ አመጡ። ሰውዬው ከመሪው ሥር ገመድ ሰክቶ የሞተሩን ፕሮግራም ቀየረው። የዛሬ ሞተር ኮምፒውተር አለው፤ ምን ያህል ናፍጣ እንደሚረጭ የሚያዘው እሱ ነው። «ጉልበት ጨምር» ሲሉት ናፍጣ ይጨምራል። ከልክ ሲያልፍ ደግሞ ሞተሩ የሚስበው አየር ስለማይበቃው ተቃጥሎ አያልቅም። እናንተ ምድጃ ውስጥ እንጨት ጠቅጥቃችሁ አታውቁም? ምን አተረፋችሁ? ጭስ።

እውነት ለመናገር መኪናው ዳገቱን እንደ ፍየል ወጣው። ጭሱ ግን ድንቼን ጥላሸት እስኪያለብሰው ጠቆረ፤ ሰልባቲዮው፣ የነዳጅ ጋኑ ማለቴ ነው፣ ሙሉ ናፍጣም መንገድ ላይ ማለቅ ጀመረ።

ጋሽ ሙላት መጀመሪያ «የሰው ዓይን ነው» ብለው መኪናውን ጠበል አስረጩት። አልሆነም። ከዚያ አባቴ ላይ ዞሩ። አህያውን ፈርቶ ዳውላውን!

«ናፍጣዬን የት እየቀዳህ ነው የምትሸጠው?» አሉት፣ ድንቼን የሚበሉት ሹፌሮች ሁሉ እየሰሙ።

«ጋሼ፣ ኮምፒውተሩ ከተነካ ወዲህ ነው። እባክዎ ወደ ነበረበት ያስመልሱት።»

«ኮምፒውተር ጀሪካን አንጠልጥሎ ገበያ ይወጣል እንዴ?»

ሹፌሮቹ ሳቁ። ድንች በአፋቸው እንደያዙ ሳቁ።

«በል፣ እሁድ ቤተ ክርስቲያን ደጃፍ ትምልልኛለህ» አሉት።

ማለ። የመኪናውን ቁልፍ ደጃፉ ላይ አስቀምጦ፣ ሽማግሌ ፊት ማለ። ጋሽ ሙላት ቁልፉን አነሱና ኪሳቸው ከተቱት። «መሐላ ሰልባቲዮ አይሞላም» አሉ። አባቴ በእግሩ ወደ ቤት ተመለሰ።

አሁን የሚያንገበግበኝን ስሙኝ። ሰኞ የእህታቸውን ልጅ ሹፌር አድርገው ቀጠሩ። በዚያው ቀን፣ እኔ ድንች እየላጥኩ በዓይኔ እያየሁ፣ ባለ ላፕቶፑን ጠርተው ፕሮግራሙን አስመለሱ። ጭሱ ጠፋ፤ ናፍጣውም ወደ ልኩ ገባ። የደጀን ሰው ምን ቢል ጥሩ ነው?

«አያችሁ፣ ሌባው ሲወጣ ናፍጣው በረከተ!»

አባቴ የለመነው ነገር ተፈጸመ፤ ሲፈጸም ግን ሌብነቱ ተረጋገጠ። ከዚያ ወዲህ መኪና የሚሰጠው ጠፋ። የሳቁት ሹፌሮች ዛሬም «ድንች ጨምሪልን እንጂ፣ አንቺ ልጅ» ይሉኛል። እኔም አንገቴን ደፍቼ እጨምራለሁ፤ በሆዴ ግን እሳት ነኝ። ሰው የገዛ ጎረቤቱን እንዴት አያምንም?

ለማንም ያልነገርኩት አንድ ነገር አለ። የዚያን እሁድ ጠዋት አባቴ ጋቢውን ለብሶ ሊምል ሲወጣ፣ እኔ ወደ ኋላ ቀረሁ። ግድግዳው ላይ የተሰቀለውን የሥራ ጃኬቱን አውርጄ አሸተትኩት። ናፍጣ ናፍጣ ይላል። ነፍስ ካወቅኩ ጀምሮ ናፍጣ ናፍጣ ይላል።

ያን አውቃለሁ። ግን አሸተትኩት።