ሠላሳ አንድ ባጃጅ፣ ዜሮ ፓርቲ

ተቀመጥ፣ ተቀመጥ! ከኋላዬ ግን እንዳትቆም፤ ያንን በርጩማ ሳብና ፊት ለፊቴ ሁን። ዛሬ ሰው ከኋላዬ ሲቆም ጀርባዬን ይበላኛል። ሻይህን እዘዝና ስማኝ። ገና አሁን ከቢሮ መመለሴ ነው፤ ለአንድ ሰው ካልተናገርኩት እፈነዳለሁ።

አንተ የተማርክ ነህ፣ እስቲ ፍረድ። ዴሞክራሲ የሚሉት ነገር ፓርቲ ባይኖርበት ይሻለው ነበር ወይስ አይሻለውም? እኔ እስከ ሰኞ ድረስ ይሻለዋል ባይ ነበርኩ። ያውም ጮክ ብዬ! ከዘጠነኛ ክፍል ነው የወጣሁት፣ በመጽሐፍ አልከራከርም፤ ባየሁት ነው። አምቦ ተወልዶ ያደገ ሰው ደግሞ ስለ ፓርቲ ምን አየህ ተብሎ ይጠየቃል? ሲመጡም አይቻለሁ፣ ሲሄዱም፣ ስም ቀይረው ሲመለሱም። ባጃጄ ላይ ድምፅ ማጉያ አስረው ቀኑን ሙሉ ከተማውን አዙሬያቸዋለሁ። የሚሉት ያው ነው፤ እኛ ደጎች፣ እነዚያ ክፉዎች። መንገዱ ላይ ያለው ጉድጓድ ግን የማንም አባል አይደለም፤ ሁላችንንም እኩል ያነጥረናል።

ደንዲ ያለው አጎቴ ጊንጪ ገበያ ላይ በአንድ ቀን ከሁለት ፓርቲ ሁለት ኮፍያ ተቀበለ። አንዱ ሰፊ ነው፣ ለፀሐይ ይሆነዋል፤ ሌላው ወፍራም ነው፣ ለብርድ። ታዲያ የትኛው ይሻላል ብንለው ተቆጣ። ድምፅ ምስጢር ነው አለን። እኛ የጠየቅነው ስለ ኮፍያው ነበር!

ወደ ነገሬ ልመለስ። መናኸሪያው በር ላይ ተራ የምንይዝ ባጃጆች ሠላሳ አንድ ነን። ባለፈው ሳምንት ከአንድ ቢሮ ደብዳቤ መጣ። የቢሮውን ስም አልጠራም፤ ነገ ደጁን የምጠናው እኔው ነኝ። ማቆሚያችሁ ከመናኸሪያው በር ተነስቶ ሁሉቃ ወንዝ ዳር ይሁን፣ ቅሬታ ካላችሁ አንድ ተወካይ መርጣችሁ እስከ ዓርብ ላኩ ይላል። ወንዝ ዳር! ከአውቶቡስ የወረደ ሰው ጆንያውን ተሸክሞ ወንዝ ድረስ ወርዶ ነው ባጃጅ የሚይዘው? እዚያ ያለው ልብስ የሚያጥብ ሰው ብቻ ነው፤ እሱም በእግሩ ነው የመጣው። በሩን ካጣን አለቀልን ማለት ነው።

አንድ ሰው መምረጥ ምን ይከብዳል ትለኝ ይሆናል። እኛ ዘንድ ይከብዳል። የጉደር መውጫ ልጆች አሉ፣ የጊንጪ መውጫ ልጆች አሉ። አምና ለሌላ ጉዳይ ሁለቱም ለየብቻ አቤቱታ ጽፈው ሄዱ። ቢሮው መጀመሪያ እርስ በርሳችሁ ተስማሙ ብሎ ሁለቱንም መለሳቸው። ይህን ያየሁ ሰው ሰኞ ጠዋት መሀል ቆሜ ጮህኩ። ጉደር የለም! ጊንጪ የለም! ቡድን የሚባል ነገር ዛሬ ቀረ፣ ሰው ሁሉ በገዛ ጭንቅላቱ ይምረጥ አልኩ። ተጨበጨበልኝ። ከሁለቱም ወገን! የጉደሮቹ አለቃ ጉታማ እንኳ አጨበጨበ። ያኔ መጠርጠር ነበረብኝ።

አመራረጣችን ወረቀት የለው ምን የለው። እወዳደራለሁ የሚል ፊት ይቆማል፣ የመረጠው ከኋላው ይሰለፋል፣ ረጅሙ ሰልፍ ያሸንፋል። እንግዲህ እወዳደራለሁ የሚል ወደ ፊት አልኩ።

ወዳጄ፣ ሠላሳ ሰው ወጣ! ሠላሳ! ጎን ለጎን ተደርድረን ቆምን። አዎ፣ እኔም አለሁበት፤ ሐሳቡ የኔ ሆኖ እንዴት ልቅር? ኮሌታችንን አስተካክለን፣ ሆዳችንን ሰብስበን፣ ከኋላችን ሰው እስኪሰለፍ ጠበቅን። ማን ይሰለፍ? ከጉታማ ኋላ አንዲት ፍየል መጥታ ቆመች። ትቆጠርልኝ አላለም፤ ግን አላባረራትም።

በዚህ አገር ከባጃጅ ሹፌር የበለጠ መሰለፍ የሚያውቅ አለ? ጠዋት ማታ ሥራችን ከሰው ኋላ መቆም ነው። ምርጫ ሲባል ግን ኋላ የሚባለው ቦታ ጠፋን።

ያልወጣው ሰው አንድ ብቻ ነው፤ ኦቦ ዲንቃ። ከሁላችንም ሽማግሌ ናቸው፣ አንድ እግራቸው ያነክሳል፤ እንደኛ ተሳፋሪ ላይ መሮጥ ስለማይችሉ ተራቸው እስኪደርስ በሩ ላይ ተቀምጠው ይጠብቃሉ። ያን ዕለትም ባጃጃቸው ውስጥ ቆሎ ይቆረጥማሉ። ሠላሳችንም ዞረን አየናቸው። መራጩ እሳቸው ብቻ ናቸዋ! ኦቦ ዲንቃ ይምጡ፣ ኦቦ ዲንቃ ወደዚህ፣ ኧረ በማርያም እያልን ለመንናቸው።

«ላኪ!» አሉን፤ እምቢ ማለታቸው ነው። «ከአንዳችሁ ኋላ ቆሜ ሃያ ዘጠኝ ጠላት ላፍራ? ስትስማሙ ጥሩኝ።»

ማክሰኞ ደገምነው። ያው። ረቡዕ አንድ ሰው ቀነሰ፤ ወገቡን አሞት ነው። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር ይላሉ። ድሩን ማን ያባብረው የሚለውን ግን ተራቹ ሳይነግረን ሞተ።

ሐሙስ ጨነቀኝ። በማግስቱ በሩ ሊሄድብን ነው! አንድ በአንድ እየጎተትኩ ማናገር ጀመርኩ። ላንዱ፣ የጠዋቱ የመጀመሪያ አውቶቡስ ተሳፋሪ ያንተ ነው አልኩት። ለጉታማ ተራ አስከባሪነቱን ሰጠሁት፤ በማን ሥልጣን እንደሰጠሁት አትጠይቀኝ። ሌላውን፣ እናቴና እናትህ አንድ ማኅበር ይጠጣሉ ብዬ ያዝኩት። ለእያንዳንዱም፣ ይሄ ቡድን አይደለም፣ እንዳይመስልህ እላለሁ። እኩለ ቀን ላይ ከኋላዬ አሥራ ስድስት ሰው ቆመ። የቀሩት አሥራ ሦስቱ ይህን ሲያዩ ምን አደረጉ? ተንጫጩና ከመካከላቸው ከአንዱ ኋላ ተሰለፉ። ሁለት ሰልፍ! እንደ አምናው! ልዩነቱ፣ አምና እኔ ከኋላ ነበርኩ፣ ዘንድሮ ከፊት ነኝ። እውነቱን ልንገርህ? ከፊት ሆነህ ስታየው ያን ያህል አያስጠላም።

ተሸናፊዎቹ አኮረፉ፣ በኋላ ግን በአንድ ነገር ተስማሙ። ኦቦ ዲንቃ የማንም ስላልሆኑ አብረውህ ይግቡና ይታዘቡ አሉኝ። እሺ አልኩ። የምደብቀው ምን አለኝ?

ዛሬ ጠዋት ገባን። ኃላፊዋ ጨዋ ሴት ናቸው፤ ከኦቦ ዲንቃ ጋር በኦሮምኛ ሰላም ተባባሉ፣ አስቀመጡን፣ እስከ መጨረሻው ሰሙኝ። እኔም አንድም ሳይቀረን በሩ ይገባናል እያልኩ ተንተባትቤም ቢሆን ተናገርኩ። አንገታቸውን ነቀነቁ። በሩ ለአውቶቡሶቹ ስለጠበበ ሁላችሁም አትችሉም፣ ግማሾቻችሁ ቆዩ፣ ግማሾቻችሁ ወንዙ ጋ ውረዱ አሉ። እስክሪብቷቸውን አነሱና የትኞቹ ይቆዩ ብለው ጠየቁኝ።

በየሳምንቱ እንቀያየር አትልም ነበር ወይ እንዳትለኝ! እሱ የመጣልኝ ደረጃውን ስወርድ ነው። እዚያ ወንበር ላይ ከአፌ የወጣው አንድ ቃል ነው። «የኛዎቹ» አልኩ። ብለህ ታምናለህ? ሰኞ ቡድን ይውደም ያልኩ ሰውዬ! እሳቸውም ቀና ብለው እንኳ አላዩኝም። ስም ዝርዝር አምጣ አሉና ያልኩትን ቃል ጻፉት።

ኦቦ ዲንቃ በባጃጃቸው መለሱኝ። አንተ ከመምጣትህ በፊት እዚህ ሻይ ቤቱ በር ላይ ሊያወርዱኝ ቆሙ። እኔም ሳልወርድ፣ ለሁላችንም ብዬ እኮ ነው፣ አሥራ ሦስቱንም ቀስ ብዬ እመልሳቸዋለሁ እያልኩ መቀባጠር ጀመርኩ። ሞተሩን አጠፉ። የታመመውን እግራቸውን በእጃቸው አንስተው አመቻቹና በመስተዋቱ አዩኝ።

«ሜ ጉርባ፣» አሉኝ፤ እስቲ አንተ ልጅ ማለታቸው ነው። «እኔስ ከየትኞቹ ነኝ?»