የአሰልጣኝ ሰማኸኝ ጉልበት

ሐበሻ ሦስት ሆኖ በተሰደደበት አገር ሁሉ አንደኛው የቀድሞ ሯጭ ነው። ሁለተኛው «ውሸቱን ነው» ባይ ነው። ሦስተኛው እንደ እኔ ሻዩን ይዞ የሚያዳምጥ። ይህን በግምት አላልኩም። ካርቱም አስራ ስድስት ዓመት ኖሬ አይቼዋለሁ፤ ጁባና ቤሩት ያሉትን ዘመዶቼንም በስልክ ጠይቄ አረጋግጫለሁ። የቀድሞው ሯጭ በአንድ ሰፈር አንድ ብቻ ነው። ሁለት ሆነው አያውቁም፤ ሁለተኛው ከመጣ «እስቲ አብረን እንሩጥ» የሚል ሐሳብ ሊነሳ ይችላልና።

የእኛ ሰፈር የካላክላው ክቡር አሰልጣኝ ሰማኸኝ ነበሩ። አንቱታው ለማዕረጉ ነው፤ ሰውየውን ግን አንተ ነው የምንለው። ካፉሪ በሚባለው የሀብታም ሰፈር የቪላ ግድግዳ ቀለም ይቀባል። አርባ አምስት ዓመቱ ነው፤ እግሮቹ ቀጫጭን ናቸው፤ ይኸው ቅጥነታቸው የታሪኩ ዋና ማስረጃ ነው። ሌላ ማስረጃ ስትጠይቀው ነገሩ ሁሉ ወይ ሞቷል ወይ ፈርሷል። የትኛው ክለብ ነበርክ? «ፈረሰ።» አሰልጣኝህ ማን ነበር? «ነፍሱን ይማር።» ሰዓትህስ ስንት ነበር? «ያኔ እንዳሁኑ ሁሉ ነገር አይመዘገብም።» አብረውኝ ሮጠዋል የሚላቸውን ታላላቅ ሰዎች ስም እዚህ አልጠራም፤ ጨዋ ሰዎች ናቸው፣ ይደነግጣሉ።

መዝጊያው ግን ሁልጊዜ አንድ ነው፦ «ጉልበቴ ነው እንጂ!»

ሀፍላው ጥሎት ሲሄድ፣ «ድሮ ቢሆን ይቺን አውቶቡስ ሱቅ ሸዓቢ ፌርማታ ቀድሜ እጠብቃት ነበር፤ ጉልበቴ ነው እንጂ!» የጋዝ ሲሊንደር ተሸክሞ ደረጃ የሚወጣ ካየ፣ «ትንፋሽህን በአፍንጫ!» ይላል እንጂ አያግዝም። አንድ ጊዜ ቀብር ላይ አስከሬን የተሸከሙትን ልጆች ከኋላ እያየ፣ «አነሳሳቸው ፈጥኗል፤ መጨረሻ ላይ ይደክማቸዋል» አለኝ ጆሮዬ ላይ። እውነትም ደከማቸው። ዞር ብሎ ያየኝ አስተያየት እስከ ዛሬ አይረሳኝም።

ይህ ሁሉ የሚነገረው ካላክላ ገበያ ዳር፣ ኒም ዛፍ ስር፣ ብርቅነሽ ሻይ በምትሸጥበት አግዳሚ ላይ ነው። ብርቅነሽ ያው «ውሸቱን ነው» ባይዋ ሁለተኛዋ ሐበሻ ናት። «አሰልጣኝ፣ ስኳር ልጨምር ወይስ ለሩጫ ይከብድሃል?» ትለዋለች። እሱም ሳይስቅ ያስብበትና «አንድ ብቻ» ይላል።

እንዲህ አስራ አንድ ዓመት ኖርን። ከዚያ በ2006 ዓ.ም. ጥር ላይ ገበያው ግድግዳ ላይ ወረቀት ተለጠፈ። በአሮጌው የመዳኒ መንገድ፣ ከካምሊን እስከ ሶባ፣ ሰባ አምስት ኪሎ ሜትር ሩጫ። ከንጋቱ የፈጅር ሶላት በኋላ ተነስቶ ፀሐይ ስትጠልቅ የሚባለው የመግሪብ አዛን እስኪሰማ የገባ ሁሉ እንደ ጨረሰ ይቆጠራል።

ያንን መንገድ የማያውቅ ሐበሻ ካርቱም ውስጥ የለም። ከጥጥ ዘመን ጀምሮ የጀዚራን ሀብት ሲያመላልስ ያረጀ መንገድ ነው። እኛንም ከገዳሪፍ በመዳኒ አድርጎ ያስገባን እሱ ነው፤ ግማሻችን ሎሪ ላይ በተጫነ ጆንያ ላይ ተቀምጠን፣ ግማሻችን ከጆንያው ስር ተኝተን።

«ስምህን ሰጥቼልሃለሁ» አለችው ብርቅነሽ፣ ብርጭቆ እያለቀለቀች።

«ለማን?»

«ለሩጫው። ፎቶህንም በስልክ ልኬላቸዋለሁ። ሐበሻ ነው ስላቸው እልል አሉ።»

«ብርቅዬ፣ ጉልበቴን እያወቅሽ...»

«ጉልበትህን አስራ አንድ ዓመት ሰማሁት። አንድ ቀን ደግሞ ልየው። ከጨረስክ እስክሞት አሰልጣኝ እልሃለሁ። ካልጨረስክ ግን እዚህ አግዳሚ ላይ የሩጫ ወሬ የሚባል አይነሳም፤ ቀለም ቀቢው ሰማኸኝ ሆነህ ሻይህን ትጠጣለህ።»

አግዳሚው በሙሉ ሳቀ። እሱ አልሳቀም። እኔም ሳቄ መሃል ላይ ቆመ። ካፉሪ ውስጥ ማንም ስሙን አይጠራውም፤ «ያ ሐበሺ፣ አንተ ሐበሻ፣ ይሄን ጥግ ድገመው» ነው። ሰው የሚሆነው ማታ እኛ ዘንድ ሲመጣ ነበር። ብርቅነሽ በመያዣ የያዘችበት ያቺን አንዲት ማዕረጉን ነው።

«ይሁን» አለ። «መምህር፣ አንተ ውሃ ትይዝልኛለህ።»

መምህር እኔ ነኝ፤ የማኅበረሰቡ ትምህርት ቤት ውስጥ ሒሳብ አስተምራለሁ። ዓርብ ንጋት ላይ በሾፌሩ ጓደኛችን በደመቀ አምጃድ ካምሊን ደረስን። አምጃድ ማለት አምስት ሰው የሚይዝ፣ ደመቀ ግን ዘጠኝ የሚጭንበት ትንሽ መኪና ነው። ስልሳ ያህል ሯጭ ተሰብስቧል፤ ወታደሮች፣ ተማሪዎች፣ ሁለት ሦስት ፈረንጆች። የአሰልጣኙን ፊት እንዳዩ «ማሻአላህ! ሐበሺ!» ብለው አንድ ቁጥር ደረቱ ላይ ለጠፉለትና ከሁሉም ፊት አቆሙት።

ሩጫው ተጀመረ። ሰማኸኝም ግራ እግሩን ትንሽ እየጎተተ፣ አሮጊት ገበያ በምትሄድበት ፍጥነት ሶምሶማ ጀመረ።

ማንም አላለፈውም!

በመኪና ከጎናቸው እየተጎተትን የሚባባሉትን እንሰማለን። ረሺድ የሚባል የማዮ ሰፈር ዳቦ ጋጋሪ አለ፤ ረጅም፣ ቀጭን። «ቀስ በሉ፣ ሐበሻው የሚያውቀው ነገር አለው» ይላቸዋል። ስልሳ ሰው የቀብር አጀብ መስሎ ተከተለው። የጫማውን ክር ሊያስር ሲያጎነብስ ሁሉም ቆመ። አንዱ ወታደር እንዲያውም የራሱን ፈትቶ እንደገና አሰረ። ደመቀ መሪው ላይ ተደፍቶ በሳቅ አለቀሰ፤ «መምህር፣ በእመቤቴ፣ እኔ ልንዳ ወይስ ልሳቅ?»

ፀሐይ ከፍ ስትል ወታደሮቹ ትዕግስታቸው አለቀና ተፈተለኩ። ሌላውም ተከተላቸው። ረሺድ ብቻ ቀረ።

«ኮች፣ ልሂድ?» አለው፤ አሰልጣኝ ማለቱ ነው።

ሰማኸኝ ፀሐይዋን እንደ ሐኪም አያት። «ሹወያ፣ ትንሽ ቆይ። ትንፋሽህን በአፍንጫ።»

«ኮች፣ አሁንስ?»

«ቆይ።»

ሰላሳ ኪሎ ሜትር አብረው ከሄዱ በኋላ ነው «ያላ!» ያለው። ረሺድ እንደ ተለቀቀ ጥይት ሄደ። ሰማኸኝ ወደ እኛ መስኮት ጠጋ ብሎ፣ «ልጁ ጥሩ ነው፤ ይታዘዛል» አለን፤ ከንፈሩ ግን ነጭ ሆኗል።

ወደ ቀትር ላይ የተፈተለኩትን ሁሉ በየዛፉ ጥላ ስር እያገኘናቸው ሄድን። ጭንቅላታቸውን ባልዲ ውስጥ ነክረው ተቀምጠዋል። አሰልጣኙ በእያንዳንዱ አጠገብ ሲያልፍ «መዕሌሽ፣ አይዞህ፣ መዕሌሽ» ይላል፤ የለቅሶ ቤት ደራሽ ነው የሚመስለው። የመንደር ሴቶች እርጎ ይዘው ይወጡለታል። ዓርብ ጾም ነው፤ እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ ያመሰግንና ቴምርና ውሃ ብቻ ይወስዳል።

ከመሲድ ከተማ አለፍ ብሎ ኬላ አለ። ፖሊሱ እሱን ለማሳለፍ ሎሪዎቹን በሙሉ አስቁሞ ቆሟል። ሰማኸኝ ግን ተጠግቶ ቆመ፣ አጎነበሰ፣ ከካልሲው ውስጥ በላስቲክ የተጠቀለለ ኢቃማውን አውጥቶ ዘረጋለት። ሰባ አምስት ኪሎ ሜትር ሊሮጥ ሲመጣ የመኖሪያ ፈቃዱን ካልሲው ውስጥ ይዟል! ፖሊሱ ሳቀና ወረቀቱን መልሶ መዳፉ ውስጥ ከተተለት። «ያላ ያ በጠል» አለው፤ ሂድ፣ ጀግናው ማለቱ ነው።

እኔ ከመኪናው ወርጄ አብሬው መራመድ ጀመርኩ። ሁለት መቶ ሜትር ያህል እንደሄድን የመስኖ ቦይ አጠገብ ቆመና በአገጩ አሳየኝ።

«መምህር፣ እዚህ ጋ ነው።»

«ምኑ?»

«ጉልበቴ።»

ቦዩን አየሁት። ጠርዙ ሲሚንቶ ነው።

«ሰሊጥ የጫነ ሎሪ ነበር። ከሸራው ስር አራት ነን። ኬላው ላይ ሸራውን በዱላ መደብደብ ሲጀምሩ ዘለልኩ። ይሄ ሲሚንቶ ተቀበለኝ። ከዚያ ባቄላው መሃል ለመሃል ሮጥኩ፤ እንዴት እንደሮጥኩ ብታይ! ያንን የሮጥኩትን ሰዓት የያዘልኝ ቢኖር...» ሳቀ። «እስከ ሶባ በእግሬ ነው የገባሁት። ሦስት ቀን ፈጀብኝ።»

«ታዲያ አንተ ሰው፣ ይሄን ትተህ ለምን ያኛውን ታወራልናለህ?»

«ይሄንንማ ማን ይሰማኛል? ብርቅነሽ አግዳሚ ላይ ከሎሪ ያልዘለለ ማን አለ? አንተስ በምን መጣህ?»

በጆንያ ስር ነው የመጣሁት።

«ያኔ በሦስት ቀን» አለ ጉልበቱን እያሸ። «ዛሬ ከአዛን በፊት ከገባሁ የራሴን ሰዓት አሻሻልኩ ማለት ነው። ና፣ ያላ። ትንፋሽህን በአፍንጫ።»

ሳላስበው በአፍንጫዬ ተነፈስኩ።

ዘጠኝ ሰዓት ሳይሞላ ረሺድ አንደኛ መግባቱን በስልክ ሰማን። ደመቀ የዘፈን ያህል ጥሩምባውን ነፋው። ሰማኸኝ ግን መስማቱንም እንጃ፤ የሚያየው ፊት ለፊቱ ያለውን የመብራት ምሰሶ ብቻ ነው። አንዱን ይደርስበታል፣ ቀጣዩን ይመርጣል። ሶባ ስንቃረብ ፀሐይዋ መንገዱን ነክታለች፤ ረሺድም ልብሱን ቀይሮ፣ ሜዳሊያውን አንጠልጥሎ፣ ወደ ኋላ ተመልሶ እየሮጠ መጣ። «ኮች! ኮች! ሹወያ ቀረ!» እያለ ከጎኑ ሆኖ አብሮት ያዘግም ጀመር።

መድረሻው ላይ ብርቅነሽ ቆማለች። ስራዋን ዘግታ ሦስት ሀፍላ ቀያይራ መጥታለች። አንድ መቶ ሜትር ሲቀረው ከቅርቡ መስጊድ «አላሁ አክበር» ተባለ።

ሰማኸኝ ቆመ። እጁ ወደ ጉልበቱ ወረደ።

«ምን ትገተራለህ!» ብላ ጮኸች ብርቅነሽ፣ ድምጿ ተሰንጥቆ። «አንተ አሰልጣኝ! ና እንጂ!»

የውድድሩ ዳኛ ነጭ ጀላቢያ የለበሱ ሽማግሌ ሐጅ ናቸው። እጃቸውን ጆሯቸው ላይ አድርገው አዳመጡ። ካርቱም ውስጥ መስጊዶች አዛናቸውን አንድ ላይ ጀምረው አንድ ላይ አይጨርሱም፤ የቅርቡ ሲያበቃ የማዶው ገና መሃል ላይ ነው፣ ከእሱ ማዶ ያለው ገና ጉሮሮውን ይጠርጋል። ሐጁ ይህን ሰባ ዓመት ሙሉ ያውቁታል። «የመጨረሻው መስጊድ አልጨረሰም» አሉ። «ና፣ ያ ወለዲ፣ ልጄ!»

ከወንዙ ማዶ፣ ቀጭን ሆኖ የሚሰማ አንድ ሙአዚን ሲቀረው፣ ክቡር አሰልጣኝ ሰማኸኝ ገቡ። ገብተውም ወደቁ።

ይህን ልጽፍ ሳስፈቅደው «ጻፈው» አለኝ። «ግን ክለቡ መፍረሱንም ጻፍ።» ጽፌያለሁ። ዛሬም ረሺድ በየዓርቡ ትኩስ ዳቦ ይዞ ምክር ሊጠይቀው ይመጣል፤ እሱም ዳቦውን እየቆረሰ ትንፋሽ በየት እንደሚወጣ ያስተምረዋል።

ባለፈው ሳምንት ከገዳሪፍ የደረሰ አንድ አዲስ ሰው አግዳሚው ላይ ተቀምጦ፣ ልብሱ ገና ሰሊጥ እየሸተተ፣ የእኛን ሰው ሲያወራ ሰማውና ወደ ብርቅነሽ ጎንበስ አለ።

«እቴቴ፣ እውነት ሯጭ ነበር እንዴ?»

እኔ ብርጭቆዬን አስቀመጥኩ። ብርቅነሽ ሰውየውን አየችው፣ ጫማውን አየችው፣ ሻዩ ላይ ሳይጠይቃት አንድ ማንኪያ ስኳር ጨመረችለት።

«ነበር ወይ?» አለች። «ወንድሜ፣ ጉልበቱ ነው እንጂ!»