የጓድ እንግዳው ከረሜላ

ከአብዮቱ ታላላቅ ድሎች መካከል ታሪክ ጸሐፊዎች የዘነጉት አንድ አለ። እሱም መተማ ውስጥ የአንድ ቀበሌ ሊቀመንበር የነበረው ጓድ እንግዳው፣ ለሰባ አምስት ዓ.ም. የአብዮት በዓል በገዛ እጁ ያበሰለው የሰሊጥ ከረሜላ ነው።

ለበዓሉ ከጎንደር የሚመጣው ተናጋሪ ጓድ አምባው ነበር። ይህ ሰው ንግግር ሲጀምር ከብት ከመስክ ይገባል፣ ሲጨርስ ከብቱ ተመልሶ ይሰማራል ይባልለታል። እንግዳውን ያስጨነቀው ግን ንግግሩ ሳይሆን ስጦታው ነው። ከእሱ በፊት የነበረው ሊቀመንበር ለበዓል እንግዳ የከሳ ሙክት አበርክቶ፣ “የአብዮቱን ገጽታ አክስቷል” ተብሎ ተወሰደ። ሚስቱ የት እንደገባ እስከ ዛሬ ታጠያይቃለች።

እንግዳውም አሰበ፤ ሙክት ይከሳል፣ ከረሜላ አይከሳም። ወደ ነጋዴው ሐሚድ ሱቅ ሄደ።

“ጓድ ሊቀመንበር፣ ስኳሩ ከሱዳን፣ ከገላባት የተሻገረ ነው” አለ ሐሚድ ፈራ ተባ እያለ። “ባለፈው ሳምንት ይህንኑ ኮንትሮባንድ ነው ብለው ወርሰውብኛል።”

“ያኔ የመጣው ለአንተ ጥቅም ነበር። አሁን ዓለም አቀፋዊ ትብብር ነው። መዝነው።”

ቤቱ ገብቶ ሴት ልጅ ከማጀት ነፃ መውጣቷን ለሚስቱ ለጥሩአየሁ አበሠረና ከምድጃው ፊት አስነሣት። እሷም ነፃነቷን እንጨት በመማገድ አከበረች።

ስኳሩ ሲፍለቀለቅ “በቃው፣ አውጣው” አለችው።

“አብዮታዊ እሳት ወደ ኋላ አይመለስም።”

“ይከርብሃል።”

“ይክረር። የሚፈለገው ጽኑ አቋም ነው።”

የታመሰውን ሰሊጥ ጨምሮ አድበለበለው። የመስከረም ወበቅ ሲነካው ከረሜላው እንደ ዛፍ ሙጫ ተጣበቀ። እንግዳው በጋዜጣ ጠቀለለው፤ የመሪዎች ፎቶ እንዳይጨማደድ ግን የስፖርቱን ገጽ ብቻ ቀደደ።

በበዓሉ ቀን ሕዝቡ በአዳራሹ ቆርቆሮ ሥር ታጭቆ፣ እርሻውን አረም ሲውጠው እያሰበ ተቀመጠ። ጓድ አምባው ስጦታውን ተቀበለ፤ ጉሮሮውን ሊያለሰልስ ሁለቱን ጎረሰና መድረክ ላይ ወጣ።

“ጓ…” አለ። እዚያው ቀረ። ጥርሱ ገጠመ።

በጣቱ ሞከረ፣ በእርሳስ ሞከረ፤ አልተላቀቀም። ለእንግዳው የሙክቱ ሊቀመንበር መንገድ ወለል ብሎ ታየው።

በዚህ ጊዜ ከፊት የተቀመጡት ሽማግሌ፣ አቶ ቸሩ፣ ማጨብጨብ ጀመሩ። “እንዲህ ያለ ግሩም ንግግር ሰምቼ አላውቅም” አሉ ለጎረቤታቸው። ሕዝቡ ግልብጥ ብሎ ተነሣ። ቆርቆሮው እስኪያስተጋባ ተጨበጨበ፣ እልልታው ቀለጠ። ጓድ አምባው ከሕዝብ ፍቅር ይሁን ከመንጋጋ ሕመም ባይታወቅም እንባው ወረደ፤ ግራ እጁን ጨብጦ አነሣና ተቀመጠ። ሁሉም ፀሐይ ሳይከር እርሻው ገባ።

እንግዳው ስንቁን ቋጥሮ የሚወስደውን መኪና ሲጠብቅ ሰነበተ። መኪናው መጣ፤ የወረደው መልእክተኛ ግን ሕዝቡን ሰብስቦ እንዲህ አለ፦

“የዚህ ቀበሌ ሕዝብ ለንግግር ያለው ጥማት የበላይ አካልን አስደንቋል። ስለሆነም ለሚመጣው በዓል ሦስት ተናጋሪዎች ተመድበውለታል።”

አቶ ቸሩ እጃቸውን አወጡ።

“ጓድ ሊቀመንበር፣ ያ ከረሜላ ለሦስት ሰው ስንት ኪሎ ስኳር ይፈጃል?”

በማግስቱ እንግዳው በሩን ሲከፍት ሕዝቡ ስኳር በጣሳ፣ በብርጭቆ፣ በነጠላ ጫፍ ቋጥሮ ተሰልፏል። በዚያ ቀበሌ ዘብ ሳይላክበት፣ ሕዝብ በገዛ ፈቃዱ ያዋጣው የመጀመሪያው መዋጮ ይኸው ሆነ።