አቶ አይሆንም እና የአሮጌው ጊታር ፍሬት

በዚህ ዓለም ላይ ሁለት ዓይነት ባለሙያ አለ። አንዱ ያዘዙትን ይሠራል። ሌላው ገና አፍዎን ሳይከፍቱ «አይሆንም» ይላል። ሱሪ አሳጥርልኝ ሲሉት «ሱሪው ምን አጠፋ?» ብሎ የሚቆጣ ልብስ ሰፊ አለ፤ ጎኑን ዝቅ አድርገው ሲሉት መቀሱን አስቀምጦ ስለ ጭንቅላትዎ ቅርጽ ትምህርት የሚጀምር ፀጉር አስተካካይ አለ። ሰው ሲያማቸው ይውላል፣ «ሁለተኛ ደጁን ብረግጥ!» ብሎ ይምላል፣ በሳምንቱ እዚያው ደጅ ቆሞ ይገኛል።

የዚህ ወገን ሊቀ መንበር ጊታር ጠጋኙ ናቸው። የከተማው ሙዚቀኛ ከፊታቸው «ጋሼ» ይላቸዋል፣ ከጀርባቸው ደግሞ «አቶ አይሆንም»። ክቡርነታቸው የሚሠሩት በጫማ ሰፊውና በፎቶ ቤቱ መሃል በተሰነቀረች፣ ኮላና ሰጋቱራ በምትሸት ጠባብ ክፍል ውስጥ ነው። ትራስ ያላት አንዲት የእንግዳ ወንበር አለች። የምታገለግለው ግን ጊታሮችን ብቻ ነው። ሰው ይቆማል።

አንድ ዘፋኝ የድሮ ጊታሩን ቀይ ቀለም እንዲቀቡለት ይዞላቸው ቢሄድ፣ ኮታቸውን አውልቀው ጊታሩን ሸፈኑትና የአጥር ቀለም ቀቢውን አድራሻ ነገሩት። ሌላው ጊታሩን በፌስታል ጠቅልሎ ቢመጣ «ልጅህንም እንዲህ ነው የምትይዘው?» ብለው አፋጠጡት። ልጅ የለውም። ይህን ቢነግራቸው «ተመስገን!» አሉት። ጊታር ሲቀበሉ መጀመሪያ እጃቸውን ይታጠባሉ፣ ከዚያ አፍንጫቸውን ቀዳዳው ላይ ደቅነው ያሸታሉ። «ይሄ ኩሽና አጠገብ ነው የከረመው» ይላሉ። ነገሩ የሚያናድደው እውነት ሆኖ መገኘቱ ነው።

አንዲት ጊታሪስት ይህን ሁሉ እያወቀች ነው ወደ እሳቸው የሄደችው። የምትጫወተው በሆቴል ባንድ ውስጥ ነው፤ ይዛው የሄደችው ግን የአባቷን ጊታር ነበር፤ ፊቱ እንደ ቫዮሊን ጎበጥ ብሎ የተቀረጸ የድሮ የጃዝ ጊታር። አባቷ ዕድሜውን የገፋው እሱን አቅፎ ነው። ከልጅነቷ ጀምሮ ዓይኗ እዚያ ጊታር ላይ ነበር። በኋላ ቁርጥማት የአባቷን ጣቶች ያዛቸውና ጊታሩ ቁም ሣጥን ውስጥ ገባ። በቅርቡ ደግሞ አባቷ ፊቱን ወደ መስኮቱ አዙሮ «ውሰጂው፣ አሠሪና ተጫወቺበት። እኔ ከእንግዲህ ምን ልሠራበት?» አላት። አዘነችም፣ ደስም አላት። ደስታዋ ይበልጥ ነበር።

ችግሩ ፍሬቱ ነው። በጊታሩ አንገት ላይ እንደ መሰላል እርከን የተደረደሩት ቀጫጭን ብረቶች በዘመን ብዛት ተበልተው ከእንጨቱ ጋር ሊስተካከሉ ምንም አልቀራቸውም።

«ጋሼ፣ ፍሬቱ አልቋል። ወፍራምና ረጅም ይግባልኝ» አለች።

«አይሆንም።»

«ኧረ ገና ጊታሩን አላዩትም!»

«አንቺን አየሁሽ። እስቲ ምቺው።»

መታችው። ክሩን ገፋ አድርጋ ማስለቀስ ትወዳለች፤ እዚያም ፊታቸው አስለቀሰችው።

«ጊታር ነው ሌባ የያዝሽው?» አሉ አቶ አይሆንም። «ስሚኝ ልጄ። ይሄ ጊታር ሲወለድ አጭርና ቀጭን ፍሬት ነው የተሰጠው። ጣት እንጨቱን እየዳሰሰ የሚሄድበት ነው። ረጅም ብታስገቢበት አመሉ ይለወጣል። ደግሞ ረጅም ፍሬት ጉልበተኛ አይወድም፤ ጠበቅ ካደረግሽው ድምፁ ከልኩ ይወጣል። ያደግሽበትን ድምፅ ነው የምታጪው።»

ልትመልስላቸው ስትል እጃቸውን አነሱ። ታጥበው መጡ፣ አሸተቱ፣ አጉሊ መነጽራቸውን ዓይናቸው ላይ ሰክተው አንገቱ ላይ አጎነበሱ። ከዚያ ቀና አሉ።

«ማነው የሚጫወትበት?»

«ማንም። አባቴ ከተወው ቆየ። እኔም አልነካሁትም።»

«ነይ ተመልከቺ። ክር የሚያሸው ብረት ያበራል፣ የተረሳ ብረት ይጠቁራል። እዚህ መሃሉ ላይ የተቦረቦረው የድሮ ነው፤ ጠቁሯል። እዚህ መጀመሪያው ላይ ግን ያበራል። ጀማሪ የሚቀመጥበት ቦታ ነው። ቤት ውስጥ አንድ ሰው እንደ አዲስ እየተማረ ነው።»

ቤት ውስጥ ያሉት እሷና አባቷ ብቻ ናቸው። ያኔ ነው ትዝ ያላት። አባቷ ሰሞኑን «ኧረ ልምምድሽ ረፈደ፣ ውጪ እንጂ!» እያለ ሳይረፍድባት ያስወጣት ነበር። ለሥራዋ ያሰበላት መስሏት ለባንዱ ልጆች ሁሉ አውርታለች። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው ይባል የለ፤ በጆሮዋ እንጀራ የምትበላ ሰው በገዛ ቤቷ የሚሆነውን አልሰማችም። ያ እጁን ሰው ተሰብስቦ ያይለት የነበረ ሰው፣ እንዳትሰማበት አፍሮ፣ ተደብቆ ከሀ ጀምሯል። አልሆን ቢለው ነው «ውሰጂው» ያላት።

«ባለቤቱን አምጪልኝ» አሉ አቶ አይሆንም።

«ባለቤቱማ እኔ ነኝ። ሰጥቶኛል እኮ።»

«እሱን ለጊታሩ ንገሪው።»

በማግስቱ አባቷን «ያለ አንተ አልሠራም ብለዋል፣ ታውቃቸዋለህ» ብላ ወሰደችው። እጆቹን ኮቱ ኪስ ውስጥ ከቶ ገባ። አቶ አይሆንም እሱን ሲያዩ ጊታሩን ከወንበሯ ላይ አነሱ፣ ትራሷን በእጅጌያቸው ጠራረጉና «ይቀመጡ» አሉት። ጊታሪስቷ ዓይኗን ማመን አቃታት። አባቷ ተቀመጠ። ጊታሩን ጭኑ ላይ አኖሩለት።

«ይተዉኝ ጌታዬ» አለ አባቷ እጁን ሳያወጣ። «የልጅቷ ነው። ጣቴ አይታዘዘኝም። ለእኔ ከእንግዲህ አይሆንም።»

አቶ አይሆንም ፊታቸው ተለዋወጠ።

«በዚህ ቤት ‹አይሆንም› የምለው እኔ ብቻ ነኝ!»

ከዚያ አባቷ መሳቅ ጀመረ፤ እየሳቀም እጁን አወጣ። ጣቱን ክሩ ላይ አሳረፈና ተጫነ። ክሩን እስከ ብረቱ ሊያወርደው አቃተው፣ ድምፁ ታፍኖ ቀረ። አቶ አይሆንም ምንም ሳይናገሩ ከግድግዳው ላይ ሌላ ጊታር አውርደው ለወጡለት። ረጅም ፍሬት ያለው ነበር። አባቷ ክሩን ነካ ብቻ አደረገው፤ ጥርት ያለ ድምፅ ወጣ። ያንኑ ድምፅ ደግሞ መታው። ደግሞ መታው።

«ረጅም እናስገባለታለን» አሉ አቶ አይሆንም፣ ኃጢአት እንደሚናዘዝ ሰው መሬት መሬት እያዩ።

«ጋሼ! እኔ ረጅም ስል አይሆንም አላሉም?»

«ለአንቺ አይሆንም! የእርሳቸው ጣት እንጨቱ ድረስ መውረድ አልቻለም፤ ስለዚህ ፍሬቱ ወደ ጣታቸው ይውጣ።»

«አመሉ ይለወጣል ያሉትስ?»

«ይለወጥ! እስከ ዛሬ እርሳቸው ለጊታሩ ተመችተዋል። አሁን ተራው የእሱ ነው።»

ሥራውን ማንም እንዲያይ አልፈቀዱም። አሮጌውን ፍሬት በጋለ ብረት እያሞቁ፣ እንጨቱ እንዳይላጥ በጉጠት ቀስ እያሉ መንቀላቸው የታወቀው አባትና ልጅ ጊታሩን ሊወስዱ ሲሄዱ ነው። አሮጌዎቹን ብረቶች በቅደም ተከተላቸው ቆርቆሮ ውስጥ አኑረዋቸዋል። «ጣትዎ ሲሻለው መልሰን እናስገባቸዋለን» አሉ። ጣቱ እንደማይሻለው ሦስቱም ያውቁ ነበር። ያን ቀን ግን «አይሆንም» ያለ ሰው አልነበረም።

አባቷ ወንበሯ ላይ ተቀምጦ አንድ ዜማ ተጫወተ። ዝግ ያለ ነበር፣ አንድ ሁለት ቦታም ተሰናከለ። ጊታሪስቷ ያደገችበት ዜማ ነው፤ እንባዋን መያዝ አልቻለችም። አቶ አይሆንም ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዙረው በሞረድ አንድ ነገር ይሞርዱ ነበር። ጠጋ ብላ ስታይ እጃቸው ላይ ከሞረዱ በቀር ምንም አልነበረም።

ሲወጡ የጊታሩን ቦርሳ አባቷ ራሱ ተሸከመው። ልቀበልህ ብትለው እንቢ አለ። ጫማ ሰፊው ዘንድ ሲደርሱ ጊታሪስቷ ዕድሏን መሞከር አማራት።

«አባዬ፣ ነገ ለልምምድ ላውሰው?»

አባቷ ቆመ። ቦርሳውን ወደ ደረቱ ሳብ አደረገ፣ ፊቱን ልክ እንደ ጋሼ ኮስተር አደረገ።

«አይሆንም» አላት።

በሕይወቷ እንዲህ ደስ ያሰኛት ክልከላ የለም።